የሰባት ቀን ድምፅ

የጋሽ ጥሩምባ ድምፅ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይሞታል። ማጋነን አይደለም። ድምፃቸው ያለው ስልካቸው ውስጥ ነው፤ ስልኩን የሠራው ኩባንያ ደግሞ ከራሱ መደብር ያልወጣ አፕ ከሰባት ቀን በላይ እንዲያድርበት አይፈቅድም። ሰባቱ ቀን ሲሞላ የአፑ ምልክት እንደ ወትሮው ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል፤ ሲነኩት ግን ብልጭ ይልና ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጋሽ ጥሩምባን ዳቦ ቤት ብታገኟቸው የሚያወሯችሁ በጣት ነው።

ሰውየው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የባቡር ጣቢያ አስተዋዋቂ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው የጣቢያው ሠራተኞች ናቸው። ማይኩ የተበላሸ ዕለት እንኳ መስኮቱን ከፍተው ሲጣሩ ሦስተኛው መስመር ላይ እንቅልፍ የወሰደው ተሳፋሪ ሳይቀር ብድግ ብሎ ይሮጥ ነበር ይባላል። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ በሽታውን ከነማንቁርታቸው አወጡላቸውና ዳኑ። ጋሽ ጥሩምባ ሊያመሰግኑ አፋቸውን ቢከፍቱ የወጣው አየር ብቻ ነበር።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ፕሮግራመር ናት፤ ስትጽፍ ውላ ስትጽፍ ታመሻለች። ያኔ አባትና ልጅ ከተኳረፉ አራተኛ ዓመታቸው ነበር። የኩርፊያው ምክንያት ሠርጓ ነው። ቀኑ ሲቆረጥ አልተማከሩም፤ እሳቸውም "ያልተጠየቅኩበት ሠርግ ላይ አልቆምም" ብለው ቀሩ። ሠርጉ አለፈ፣ የልጅ ልጅ ተወለደች፣ እሳቸው ግን ያው እዚያው ናቸው። ግትርነትስ የእሳቸው! ልጅቷ ሆስፒታል የመጣች ዕለት እሷ የምትለው ጠፋት፣ እሳቸው ደግሞ የሚሉበት ጠፋቸው። እርቁ በዚሁ አለቀ፤ ይቅርታ የጠየቀም ይቅር ያለም የለም።

ልጅቷ ከዚያ ጣቢያው ድረስ ሄዳ የአባቷን አሮጌ የድምፅ ቅጂዎች ለምና አመጣች። በእነሱ ላይ ተመሥርታ አፑን ሠራችው፤ ጋሽ ጥሩምባ የፈለጉትን ሲጽፉ ስልኩ በራሳቸው ድምፅ ያነበዋል። አንድ እንከን ብቻ አለው። ቅጂዎቹ በሙሉ የባቡር ማስታወቂያ ስለነበሩ አፑም ከዚያ ሌላ ዜማ አያውቅም። ጋሽ ጥሩምባ "ጨው አቀብዪኝ" ሲሉ ሰው ሻንጣውን ያነሣል።

አፑ እንደ ማንኛውም አፕ በኩባንያው መደብር በኩል ማለፍ ነበረበት። ላከችው። "የድምፁ ባለቤት መፍቀዱን በራሱ ድምፅ ቀድታችሁ ላኩ" ተባለች። የሐኪም ወረቀት አያይዛ፣ ባለቤቱ ድምፅ ቢኖረው ኖሮ አፑ እንደማያስፈልገው አስረድታ ጻፈች። ተመለሰ። ጋሽ ጥሩምባ ራሳቸው በአፑ ፈቃዳቸውን ተናገሩ፤ "ይህ በማሽን የተሠራ ድምፅ ነው" ተብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ደግሞ ስልኩ የራሱ አንባቢ ስላለው ሌላ አያስፈልግም የሚል መልስ መጣ። የስልኩ አንባቢ የሃያ ዓመት ኮረዳ ናት። ጋሽ ጥሩምባ አንድ ቀን በእሷ ድምፅ ሥጋ ቤት ገብተው አንድ ኪሎ አጥንት የሌለው አዘዙ። ባለ ሥጋ ቤቱ አንገቱን አስግጎ ከኋላቸው ኮረዳዋን ሲፈልግ፣ ምንም ሳይገዙ ወጡ።

የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው። አፕ የሚሠራ ሰው ሥራውን እንዲሞክር ኩባንያው በገመድ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ መጫን ይፈቅድለታል፤ ያውም ለሰባት ቀን። በዚህ ዓይነት ጋሽ ጥሩምባ በወረቀት "ሞካሪ" ሆኑና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸው ቤት መመላለስ ጀመሩ።

ሥራው ሦስት ደቂቃ ነው። ወጥ ቤት ያለው ጠረጴዛ ላይ ገመዱ ይሰካል፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ትሞላለች፣ "አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት" ይላሉ፣ አለቀ። መጀመሪያ ሰሞን ወንበር እንኳ ሳያሞቁ ይወጡ ነበር። በሁለተኛው ወር ሻይ ጠጡ። በሦስተኛው ወር ከልጃቸው ባል ጋር ዳማ ተቀመጡ። ሰውየው መሬት ቀያሽ ነው፤ አንዷን ጠጠር ለማንቀሳቀስ ግራና ቀኙን አይቶ፣ ለክቶ፣ እንደገና ለክቶ ነው፤ ያበሽቃል። የልጅ ልጃቸው ሚጢጢ ደግሞ ጉልበታቸው ላይ ትወጣና "አያቴ፣ አሻንጉሊቴ ጠፋች በል" ትላለች። እሳቸውም ይጽፋሉ። "ቀይ ቀሚስ የለበሰች አሻንጉሊት ያገኘ ሰው ወደ መስኮት ቁጥር ሁለት ይምጣ!" ቤቱ ይናወጣል፤ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ወለሉን ይደበድባሉ። ጋሽ ጥሩምባ ደስ ብሏቸው ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ገና ከአሁኑ የሚቀጥለውን ቅዳሜ መቁጠር ይጀምራሉ።

በአምስተኛው ወር ልጅቷ ሌላ ስልክ ገዝታ ሰጠቻቸው። የሌላ ኩባንያ ነው፤ አፑ ከየትም ይምጣ ከየት ይቀበላል፣ ቀንም አይቆጥርም።

"በቃ አባዬ፣ ከእንግዲህ በየሳምንቱ መንከራተት ቀረልህ" አለቻቸው።

አመስግነው ወሰዱት። ግሩም አድርጎ ሠራ። ቅዳሜ መጣ፤ አራት ሰዓት ሆነ፣ አራት ተኩል ሆነ፣ ድምፃቸው ንቅንቅ አላለም። ጫማቸውን አጥልቀው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የሚሄዱበት ምክንያት አልነበራቸውም። መቼስ "ናፈቃችሁኝ" ብሎ መሄድ የአባት ወግ ነው፤ ከሠርጓ የቀረ አባት ግን በምን ዓይኑ? እስከ ስድስት ሰዓት እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ አዲሱን ስልክ ዘግተው የካልሲ መሳቢያ ውስጥ ከተቱትና አሮጌውን ይዘው ሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። "አዲሱ ተበላሸ" ብለው በወረቀት ጽፈው አሳዩዋት።

"አምጣውና እስቲ ልየው" አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አመጡት። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ትንሽ ጎረጎረችው፣ ከዚያ "እውነትም ሞቷል" ብላ መለሰችላቸው። ጋሽ ጥሩምባ በልባቸው ተመስገን አሉ። ትንሽም አዘኑ። ያን ሁሉ ዓመት አስተምረዋት፣ የተዘጋ ስልክ ከሞተ ስልክ የማትለይ ልጅ መሆኗ ቅር አላቸው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ሲል የንግድ ውድድር ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ስልክ ሠሪውን ኩባንያ ለጥያቄ ጠራው። ነገሩ ሲጨመቅ ይኸው ነው፦ የገዛሁት ስልክ ላይ ምን እንደሚጫን የምወስነው እኔ ነኝ ወይስ የሸጠልኝ? የታክሲ ነጂዎች ማኅበር አቤት አለ፣ የልጆች ጨዋታ የሚሠሩ ሁለት ወንድማማቾች አቤት አሉ፣ አፑ ሦስት ጊዜ ተመልሶባት ደሟ ሲፈላ የከረመችው ልጅም አቤት አለች። የሁሉም ጠበቃ አንድ ነው። ጋሽ ጥሩምባን ገና ሲያይ ፊቱ በራ።

"አባት፣ ዋናው ምስክር እርስዎ ነዎት። እርስዎ ሲናገሩ ሰምቶ አንጀቱ የሚችል የለም" አላቸው።

ጋሽ ጥሩምባ እንቅልፍ አጡ። ኩባንያው ከተረታ ሰባት ቀኑ ይነሣል፤ ሰባት ቀኑ ከተነሣ ቅዳሜ የለም። ለኩባንያው እንዳያደሉ ደግሞ አቤት ባይዋ የገዛ ልጃቸው ናት። እምቢ ልበል ይሆን ብለው አሰቡ። አንድ ጊዜ እምቢ ብለዋት አራት ዓመት ሄዶባቸዋል። እሺ አሉ።

ቀጠሮው ረቡዕ ጠዋት ነበር። አዳራሹ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግራጫ ምንጣፍ፣ ገጥሞ የማይዘጋ መስኮት፣ በየወንበሩ ፊት አንድ አንድ ጠርሙስ ውኃ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው። የኩባንያው ጠበቃ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ጨዋ፣ ለሁሉም በር የምትይዝ ሴት ናት። ጋሽ ጥሩምባ ከሁሉ የፈሩት እሷን ነው።

ቀኝ እጃቸውን አንሥተው በግራቸው ስልኩን ነኩት። "እውነቱን ለመናገር እምላለሁ!" አለና ስልኩ መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

"ይቅርታ፣" አለች ጨዋዋ ጠበቃ፣ "የማሉት ምስክሩ ናቸው ወይስ አፑ? አፑ ከሆነ በመደብሩ አልተፈተሸም፤ ለሚናገረው ነገር ማን ዋስ ይሆናል?"

በዚህ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ተሟገቱ። ሕግ ተገለጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ጋሽ ጥሩምባ እጃቸውን እንዳነሡ ቀሩ። በመጨረሻ ሰብሳቢው "ስልኩ እንደ መነጽር ይቆጠር" ብለው ወሰኑና ያኔ የራሳቸውን ግንባራቸው ላይ አገኙት።

የእነ ልጅቷ ጠበቃ ተነሣ። ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ሦስቱ እምቢታዎች፣ ስለ ገመዱ ጠየቃቸው፤ ጋሽ ጥሩምባም አንድ በአንድ መለሱ። በመካከል ጠበቃው ከፋይሉ አንድ ወረቀት መዘዘ።

"አሁን ወደ ደረሰው ጉዳት ልምጣ። ከአሥር ወር በፊት አመልካቿ በባቡር አንድ ቀን ሙሉ በሚያስኬድ ከተማ የክፍል ኃላፊነት ሥራ ተሰጥቷት ነበር። የመለሰችውን ላንብብ፦ 'በየቅዳሜው የአባቴን ድምፅ ማደስ ስላለብኝ ከዚህ ከተማ መውጣት አልችልም።' ይህን ዕድል ያሳጣት የኩባንያው የሰባት ቀን ገደብ ነው።"

ጋሽ ጥሩምባ ይህን ሰምተው አያውቁም። ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። እሷ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ታነብ ነበር፤ ውኃ ምን ይጻፍበታል? ከአሥር ወር በፊት ማለት ያ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ሦስተኛ ወሩን የያዘበት ጊዜ ነው። ኃላፊነት! ይህች ልጅ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስታልመው የኖረችው ነገር ነው፤ እሳቸው ካልሲ ስር ቀበሩት።

የኩባንያው ጠበቃ ተራዋ ደረሰ። መጀመሪያ ውኃ እንዲጠጡ ጋበዘቻቸው።

"አባት፣ ኩባንያው በሩን የሚዘጋው ሌባ እንዳይገባባችሁ ነው። ደግሞስ እኔ ቤት ካልኖራችሁ ብሎ ማንንም አላስገደደም፤ ገበያው ሌላ ስልክ ሞልቶታል። የልጅዎ ማመልከቻ 'አባቴ ሌላ አማራጭ አልነበረውም' ይላል። እውነት ነው? ሌላ ስልክ ኖሮዎት አያውቅም?"

የእነ ልጅቷ ጠበቃ ዘና ብሎ ተቀመጠ፤ መልሱ አንድ ቃል ነው። "አያውቅም" ብለው ቢጽፉ ልጃቸው ታሸንፋለች፣ የሥራው ነገር በኩባንያው ይላከካል፣ እሳቸውም በክብር ቤታቸው ይገባሉ። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ቆመ። ጣቢያው በነበሩበት ጊዜ ባቡር ሲዘገይ አለቆቻቸው "በቴክኒክ ምክንያት በል" ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ነጂው ተኝቶ ከቀረ "ነጂው ተኝቶ ቀርቶ ነው" ብለው ለሕዝብ ያስታውቃሉ፤ ለዚህም ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀብለዋል። መዋሸት የጀመሩት አሁን በስተርጅና ነው፤ ያውም በካልሲ መሳቢያ።

አራት ደቂቃ ያህል ጻፉ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ከዚያ ነኩት።

"ሌላ ስልክ አለኝ! የሰጠችኝ ልጄ ናት! ስልኩ ይሠራል፣ አልተበላሸም፣ ዋሽቻት ነው! ሰባት ቀኑ ባይኖር ልጄ ቤት የምሄድበት ምክንያት አልነበረኝም! ሠርጓ ላይ አልተገኘሁም፤ ባዶ እጄን መሄድ አፈርኩ! ሥራው የቀረባት በኩባንያው ምክንያት አይደለም፤ በእኔ ምክንያት ነው!"

እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታ ነበር የሚነገረው። አፑ ግን ሹክሹክታ አያውቅም፤ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ታክሲ ነጂዎች ሳይቀሩ እያንዳንዷን ቃል ሰሙ። አንደኛው "አይ አባት!" ሲል በበሩ በኩል ተሰማ።

"ሌላ ጥያቄ የለኝም" አለች ጠበቃዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ስፍራ የጠፋት መሰለች።

ሰብሳቢው ልጅቷን አስነሡ። "ያን ስልክ አይተውት ነበር?"

"አይቼዋለሁ።"

"ተበላሽቷል ብለው አመኑ?"

"አላመንኩም። ዘግቶት ነው። ስከፍተው ባትሪው ሰማንያ ነበር፣ አፑም ይሠራ ነበር።"

ጋሽ ጥሩምባ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ታዲያ 'አማራጭ የለም' ብለው ለምን ፈረሙ?"

ልጅቷ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "አባቴ ውሸት አይችልበትም። ስልኩ ተበላሸ ብሎ ወረቀቱን ሲያሳየኝ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ለምን እንደዋሸ ወዲያው ገባኝ። አራት ዓመት ሙሉ በሩን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ ስልክህ ደህና ነው፣ ቤትህ ተቀመጥ ልበለው? ሞቷል አልኩት። ሥራውንም ተውኩት። ለምን ተውሽው ሲሉኝ 'አባቴን ገና ማግኘቴ ነው' ብዬ መጻፍ አፈርኩና ሰባቱን ቀን ጻፍኩ። መፈረሜ ጥፋት ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ክሱ ግን ክስ ነው። ሦስት ጊዜ መልሰውናል። ሌላ ስልክ ገበያ ላይ መኖሩ አባቴ የገዛውን ስልክ የእነሱ አያደርገውም።"

"ይመዝገብልኝ" አለ የእነ ልጅቷ ጠበቃ ብድግ ብሎ።

ሰብሳቢው ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ሰዎች ጋር ዐሥር ደቂቃ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ውሳኔውን አነበቡ። የሌሎቹ አመልካቾች ጉዳይ ይቀጥላል። ሦስቱ የእምቢታ ደብዳቤዎች በማስረጃነት ከፋይሉ ጋር ይቆያሉ። የሥራው ጉዳት ከማመልከቻው ይሠረዛል። አባትና ልጅ እውነት ያልሆነ ቃል ስለመስጠታቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸዋል፤ ለጋሽ ጥሩምባ አራተኛቸው መሆኑ ነው። የቀረውን በተመለከተ ባለሥልጣኑ የቤተሰብ ጉዳይ ለማየት ሥልጣን የለውም።

ጠበቃቸው ፋይሉን ብብቱ ሥር ሽጉጥ አድርጎ "ምናለ ለእኔ እንኳ ብትነግሩኝ!" ብሎ ጥሏቸው ሄደ። አባትና ልጅ ሊፍቱ ጋ ቆሙ። ቁልፉን ተጫነችው። ሊፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ።

"ትናንት እንደገና ደውለውልኛል" አለች ቁጥሩን እያየች። "ሥራው ላይ በእኔ ፈንታ የቀጠሩት ሰውዬ ለቋል። እስከ ዓርብ መልሺልን ብለውኛል።"

ጋሽ ጥሩምባ ስልካቸውን አወጡ።

"ልናሸንፍ ነው ብዬ ነበር፤ ስናሸንፍ ትሄጂያለሽ ወይ ብለህ አንተው ትጠይቀኛለህ ብዬ ነበር። አሁን ግን የማሳብበው የለኝም፣ አባዬ። ብቀር አንተን ብዬ ነው የምቀረው፣ ብሄድም ትቼህ ነው የምሄደው።"

መጻፍ ጀመሩ። አትሂጂ ሊሉ ነበር። ዳማው አለ፣ ሚጢጢ ጉልበታቸው ላይ መውጣቷ አለ፤ እነዚህን ይዛ ስትሄድ እሳቸው ቅዳሜን ምን ያደርጉታል? ፊቷን ቀና ብለው አዩት። በዚያ ደብዳቤ ላይ እሳቸውን ጠቅሳ ሥራ ስትመልስ ምን መስላ ነበር ብለው አሰቡ፤ አጠገቧ ማን ነበረ?

የጻፉትን አጠፉና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። በሁለት እጃቸው ፊቷን ያዝ አደረጉ። ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ የወጣው አየር ብቻ ነበር።

"ምን አልክ?" አለች፣ ገብቷት ሳለ።

ደገሙላት። ሂጂ። ሂጂ ልጄ፣ ይቅናሽ።

ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ልትሰማው የፈለገችው ቃል ነው። ኮሪደሩ መሃል ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች፤ እሳቸውም አለቀሱ፣ የእሳቸው ድምፅ የለውም እንጂ። ታክሲ ነጂዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩላቸው። ሊፍቱ መጣ፤ ሰው ጢም ብሎበት ነበር። በደረጃ ወረዱ፤ አምስት ፎቅ ነው፣ አልቸኮሉም።